«ካኬኮቶባ» በአማርኛ ምን ሊባል ይችላል?

ፊደል ቆጣሪ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጃፓን ቤተ መንግሥት መኳንንት ወገን የነበረውን የፉጂዋራ ኖ ቴይካን (1162–1241 እ.ኤ.አ.) አንዲት ግጥም ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ቃል አስቸገረኝ። ግጥሟ እንደ ዋካ (የጃፓን ጥንታዊ አጭር ግጥም) ወግ 31 ቀለም ያላት ስትሆን እንዲህ ትነበባለች፦ «ኮኑ ሂቶ ኦ፣ ማትሱሆ ኖ ኡራ ኖ፣ ዩናጊ ኒ፣ ያኩ ያ ሞሺዮ ኖ፣ ሚ ሞ ኮጋሬትሱትሱ»። «ማትሱ» መጠበቅ ማለት ነው፤ «ማትሱሆ» ደግሞ በአዋጂ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኝ የባሕር ዳርቻ ስም ነው። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ፊት ቃል «ካኬኮቶባ» ይሉታል። «ኅብረ ቃል» ብለው ያስኬዳል?

የቀለም ቀንድ፦ ለግጥሟ መጨረሻ ያለ ችግር ያስኬዳል። «ኮጋሬ» ማረርንም መናፈቅንም ይይዛልና፣ የባሕር ሣሩ ጨው ሊወጣው በእሳት ሲያርር፣ ጠባቂዋም (ገጣሚው ወንድ ቢሆንም የምትናገረው ሴት ናት) በናፍቆት ታርራለች። የእኛም «አረረ» ለድስቱም ለአንጀቱም ስለሚነገር እዚህ ላይ ተርጓሚው ዕድለኛ ነው። «አንጀቴ አረረ» ከናፍቆት ይልቅ ወደ ቁጭት ያደላል የሚል ቢኖር አልቃወምም፤ «በናፍቆት አረርሁ» ሲባል ግን ይቃናል።

«ማትሱ» ግን ሌላ ነገር ነው። በሰምና ወርቅ ዓረፍተ ነገሩ በሰሙም በወርቁም በኩል ሙሉ ሆኖ ይነበባል፤ ሰሙ ቢቀልጥ ወርቁ ብቻውን ይቆማል። በዚህች ግጥም «የማይመጣውን ሰው እጠብቃለሁ» የሚለው ሐሳብ በ«ማትሱ» ያልቃል፣ የዳርቻውም ስም በዚያው በ«ማትሱ» ይጀምራል። አንድ ጊዜ የተጻፈው ቃል ለሁለት ሐረግ ስለሚያገለግል፣ አንዱን ትርጉም የጣለ ሰው ሰዋስውን ያፈርሳል። «ካኬኮቶባ» ቃል በቃል «የተንጠለጠለ ቃል» ማለት ቢሆንም፣ «እንጥልጥል» በአማርኛ ያልተቋጨ ጉዳይን ስለሚያስታውስ አልወደውም። በርን ከመቃኑ ጋር እንደሚያያይዘው ብረት «ማጠፊያ ቃል» ብንለው ይሻላል እላለሁ።

ባለ ብርዕ፦ በ«ማጠፊያ ቃል» እስማማለሁ፤ ጽሕፈቱ ግን አይዘንጋ። በቴይካ ዘመን ቃና የሚባለው የጃፓን የድምፅ ፊደል ቃላትን ሳይለያይ ይጻፍ ነበር፤ «ካ» እና «ጋ»ም ብዙውን ጊዜ በአንድ ምልክት ስለሚጻፉ ዓይን የሚያየው «ኮካሬ» ነው። እኛም ጥብቀትን በፊደል ስለማናመለክት፣ «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን» አንባቢው ራሱ ይለየዋል፤ ኅብረ ቃልም የሚያደባው እንዲህ ባለው ስንጥቅ ነው።

ቴይካ ለፊደል እጅግ የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። «ኦ» እና «ዎ» በንግግር አንድ ሆነው ስለነበር የትኛው የት እንደሚጻፍ በቃሉ ዜማ ከፍታና ዝቅታ እየለየ ደንብ አውጥቷል፤ ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ ስንሟገት ለምናመሽ ሰዎች ዘመዳችን ነው። በ1235 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ገጣሚ የኪ ኖ ጹራዩኪን የጉዞ ማስታወሻ ከደራሲው የራሱ ጽሑፍ ሲገለብጥ፣ የመጨረሻውን ክፍል የጹራዩኪን የእጅ አጣጣል አስመስሎ ጻፈው፤ አንባቢ የቀድሞው ብሩሽ እንዴት ይሄድ እንደነበር እንዲያይ ነው። የራሱን እጅ ግን አስቀያሚ ይለው ነበር። በእርግጥም ፊደሎቹ ድንክና ደልዳላ ናቸው፤ ወፍራሙ መስመር በድንገት ይቀጥናል። ከዘመናት በኋላ የሻይ ሥርዓት ሊቃውንት የእሱ ነው የተባለውን የግጥም ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ከእነሱ አንዱ የሆነው ኮቦሪ ኤንሹም የቴይካን አጣጣል ተከትሎ ጻፈ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለጊዜው እንዲህ አስቀምጬዋለሁ፦ «የማይመጣውን ስጠብቅ፣ በማትሱሆ ዳር፣ ነፋስ በተኛበት ምሽት፣ ለጨው እንደሚነድ የባሕር ሣር፣ እኔም አርራለሁ»። ማረሩ ተርፏል፤ ማጠፊያው ግን ስላልተገኘልኝ «ማትሱ»ን በግርጌ ማስታወሻ እፈታዋለሁ።