የቃል ኑዛዜ ቤት ለማውረስ እንዲበቃ ሕጉ ይሻሻል?

ከአራዳ፦ ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ ይህ ነው። በጎንደር ብዙ አረጋውያን የመጨረሻ ቃላቸውን የሚናገሩት በነፍስ አባታቸውና በሽማግሌዎች ፊት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የቃል ኑዛዜን በሁለት ምስክሮች ፊት ቢፈቅድም፣ ስለ ቀብር ሥርዓት ለማዘዝ፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች አሳዳጊ ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ለመናዘዝ ብቻ ወስኖታል። ዛሬ 500 ብር ለፋሲካ በግ እንኳ አይበቃም። ካህንና ሽማግሌ የሰሙት ቃል ቤት ለማውረስ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም።

ከማራኪ፦ ወንድሜ፣ በብሩ መጠን እስማማለሁ፤ በቤቱ ግን አልስማማም። በኑዛዜ ክርክር ዋናው ባለጉዳይ ችሎት ቀርቦ «እንዲህ ብያለሁ፣ እንዲህ አላልሁም» ሊል አይችልም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ መነበቡና ቀኑ በሰነዱ ላይ እንዲጻፍ፣ ሁሉም ወዲያው እንዲፈርሙ ወይም የጣት አሻራ እንዲያኖሩ የታዘዘው ስለዚህ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ከሆነ ደግሞ ሁለት ይበቃሉ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ አስጽፎ መናዘዝ ስለሚችል፣ ሕጉ ያልተማረውን አግልሏል ማለት አይቻልም። ስለ ነፍስ አባትም ካነሳን፣ ሟች ከመሞቱ በፊት በነበሩት 6 ወራት በሙያው ያከመውን ሐኪም ወይም መንፈሳዊ አገልግሎት የሰጠውን ሰው የሚጠቅም ኑዛዜ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል። ይህ ካህንን መድፈር ሳይሆን የታማሚን ደካማነት ማወቅ ነው።

ከአዘዞ፦ እኔ በሴቶች በኩል ያለውን ላንሳ። ሚስት በሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ የምትወስደው ከጋራ ንብረት ግማሽ ድርሻዋን ነው፤ ከባሏ ድርሻ የምታገኘው ኑዛዜ ካለ ብቻ ነው። ይህን የሚፈሩ ባልና ሚስት «የቀረነው እንውረስ» ብለው በአንድ ወረቀት ይናዘዛሉ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ያደረጉት ኑዛዜ ግን ፈራሽ ነው። ሌሎች ደግሞ ኑዛዜ መጻፍን ሞት እንደ መጥራት ቆጥረው ለአንድ ልጃቸው ውክልና ይሰጡና ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሆኖም የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልናው በወካዩ ሞት ይቀራል፤ ልጁም በማግስቱ እንደ እህት ወንድሞቹ ወራሽ እንጂ ተወካይ አይደለም። ስለዚህ ሥርዓቱን ከማላላት ይልቅ ሬጅስትራሩ ከአልጋ መነሳት ወደማይችል ሰው ቤት የሚሄድበት ደንብ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ከአራዳ፦ እትዬ፣ ያሉት ለረጅም ሕመም ይሠራል። ድንገት ለተያዘ ሰው ግን ሬጅስትራሩ ከቀብር በኋላ ይደርሳል። የቃል ኑዛዜ ተናዛዡ በሕይወት ከቆየ ከ3 ወር በኋላ ስለሚፈርስ፣ ለአስጨናቂ ጊዜ ብቻ የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው። ምስክሮቹ የሰሙትን በቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት በጽሑፍ እንዲያስመዘግቡ ቢገደዱ፣ የገንዘብ ጣሪያውን ማንሳት የሚያሰጋ አይመስለኝም።

ከማራኪ፦ የማስመዝገብ ግዴታውን እቀበላለሁ፤ ጣሪያውም ይሻሻል እንጂ ጨርሶ አይነሳ። ይሁን ቢባል እንኳ ልጅን ከውርስ መንቀል በቃል ሊፈቀድ አይገባም። በጽሑፍ ኑዛዜም ቢሆን ወላጅ ልጁን ሲነቅል ምክንያቱን መግለጽ አለበት፤ ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆን አለመሆኑንም ዳኛው ይመረምራል። ሁለት ሰዎች ከትዝታቸው በሚናገሩት ቃል ዳኛው የትኛውን ምክንያት ይመረምራል?