ከሳር ማጨጃ ያወጣሁት ሞተር 4 ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል፤ እሁድ ሳይደርስ እርዱኝ!

ኦሮራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ያለሁት ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። 25 ሲሲ የሳር ማጨጃ ሞተር ለሞዴል አውሮፕላን አዘጋጅቻለሁ። ፍሪሲዮኑን አውጥቼ የፕሮፔለር መያዣ አሠርቻለሁ። ካንዴላው አዲስ ነው፣ እሳቱም ደህና ነው። በካርቡሬተሩ አፍ ትንሽ ቤንዚን ጠብ ሳደርግለት ይነሳል። 4 ሰከንድ ያህል ሠርቶ ፀጥ ይላል። ደግሜ ጠብ ሳደርግ ይነሳል፣ ይጠፋል። ከምሽቱ ጀምሮ ይኸው ነው። ለልጄ እሁድ ጠዋት ሜዳ እወስድሃለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ ዓርብ ነው። ምን ላድርግ?

ዲሲ በራሪ፦
ካንዴላውን ቀይረው። የኔም እንዲሁ ሲያደርግ ካንዴላ ነበር።

ኦሮራው፦
አዲስ ነው አልኩ እኮ ወንድሜ።

ባትሪ ይሻላል፦
ለምን ትለፋለህ? ኤሌክትሪክ ሞተር ግጠምና እሁድ ብረር። የሳር ማጨጃ ሞተር ለመሬት ነው የተሠራው። ቮላኖው፣ ያ የሚዞረው ከባድ ብረት፣ ብቻውን ስንት ይመዝናል! ንዝረቱ ደግሞ ብሎን ያላላል፣ እንጨት ይሰነጥቃል።

ኦሮራው፦
ክብደቱን አውቃለሁ፣ አውሮፕላኑ ትልቅ ነው። ሞተሩን ከልጄ ጋር ነው የፈታነው። እያንዳንዷን ብሎን በእንቁላል ካርቶን እየለየ ያስቀመጠው እሱ ነው። ድምፁን መስማት ይፈልጋል። ባትሪ አልገዛም።

ጋሽ መምህር፦
ልጆች፣ ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ። 16 ኢንች ፕሮፔለር በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር ጫፉ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚሄደው። ጣት አያተርፍም። ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርግ። አውሮፕላኑን ከኋላ እሰረው። ልጁ ከጎን ሳይሆን ከኋላ ይቁም፤ ቢሰበር ስብርባሪው የሚበረው ወደ ጎን ነው። ማጥፊያ ማብሪያም ይኑርህ። ብዙ ሰው የሳር ማጨጃውን ማጥፊያ ከእጀታው ጋር ቆርጦ ይጥለውና ሞተሩን በጨርቅ ሊያንቀው ይሞክራል። ደግሞ አሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል በኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት) መመዝገብ አለበት። የነፃውን የኦንላይን ፈተናም ማለፍ ግዴታ ነው። ይህን ሁሉ ጨርሰሃል?

ኦሮራው፦
ምዝገባውም ፈተናውም አልቋል ጋሼ። ማጥፊያውን ግን አልገጠምኩም። እገጥማለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የክንፍ ወዳጅ፦
ሁለት ነገር ልጠይቅህ። የቤንዚኑ ጎማ ምንድን ነው? የአልኮል ነዳጅ ሞዴሎች ላይ የሚገጠመው የሲሊኮን ጎማ ከሆነ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ይለሰልስና አየር ያስገባል። ሁለተኛ፣ እዚያ አካባቢ ከፍታው ወደ 1,600 ሜትር ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ወደ 15 በመቶ ጉልበት ያጣል፣ ቤንዚኑም ይበዛበታል። የካርቡሬተሩን መርፌዎች (የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑትን ብሎኖች) እስከ መጨረሻ ዝጋና አንድ ዙር ከሩብ ከፍተህ ጀምር።

ኦሮራው፦
ጎማው የቤንዚን ነው፣ ቢጫው። መርፌዎቹን ከፍቼም ዘግቼም ሞክሬያለሁ፣ ለውጥ የለም።

ዲሲ በራሪ፦
አዲስ ካንዴላም ይበላሻል። ሌላ ሞክር።

መርካቶ ጥገና፦
ሰላም ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። የሳር ማጨጃና ጀነሬተር ስጠግን ነው የምውለው። አውሮፕላን አላውቅም፣ ይህችን ሞተር ግን በደንብ አውቃታለሁ። ቤንዚን በዝቶበት ቢሆን ኖሮ ካንዴላው ረጥቦ ታገኘው ነበር። ያንተ ምንም እየደረሰው አይደለም። የሰጠኸውን ጠብታ ጨርሶ ነው የሚጠፋው። ካርቡሬተሩን አዙረኸዋል እንዴ?

ኦሮራው፦
አዎ፣ አዙሬዋለሁ። ነዳጅ መስጫው ከሰርቮው (በሪሞት ከሚታዘዘው ትንሽ ሞተር) ጋር እንዲገጥም ገለበጥኩት። ምን አገናኘው?

መርካቶ ጥገና፦
እሱ ነው ችግሩ! ይህ ካርቡሬተር ቤንዚን የሚስበው በራሱ ፓምፕ ነው። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ክራንኩ ያለበት ክፍል የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ የሚያልፈው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ካርቡሬተሩን ስትገለብጠው የሱ ቀዳዳ በአንድ በኩል፣ የሞተሩ ቀዳዳ በሌላ በኩል ቀረ። ሁለቱም ጓርኒሲዮኑ (በመሃል ያለው ማሸጊያ ወረቀት) ላይ ተደፍነዋል።

ለማረጋገጥ ካርቡሬተሩን ፍታ፣ ካንዴላውንም አውጣ። በሞተሩ በኩል ባለችው ቀዳዳ አፍ አንድ ጠብታ ዘይት አድርግና ፕሮፔለሩን በእጅህ አዙር። ጠብታዋ ገባ ወጣ ካለች ሞተሩ ደህና ነው። ከዚያ ካርቡሬተሩን እንደ ድሮው ገልብጠህ መልስ፣ ሰርቮውን ወደ ሌላ ጎን አዙር። ያ ካልሆነልህ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሃል ባለው የፕላስቲክ ማገጃ ላይ ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚያገናኝ ቦይ በፋይል ቆፍር፣ ጓርኒሲዮኑንም በዚያው ልክ ብሳ። ቦዩ ግን ወደ መሃሉ የአየር መግቢያ እንዳይሾልክ።

ባትሪ ይሻላል፦
ይህን አላውቅም ነበር። እኔም ጋራዥ ውስጥ አንድ ሞተር አለችኝ፣ እንዲሁ እያደረገች ነው የተውኳት።

ኦሮራው፦
ፈታሁት። ጠብታዋ ትዘላለች! ጓርኒሲዮኑን ገልብጬ ሳየው የቀዳዳዋ ክብ ምልክት ታትሞበታል፣ ወረቀቱ ግን ድፍን ነው። ስገለብጠው ጊዜ አዲስ ጓርኒሲዮን የቆረጥኩት እኔው ነኝ፣ ያቺን ቀዳዳ ሳላያት። ካርቡሬተሩን መልሼ እገጥመዋለሁ። አሁን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሆኗል፣ ጎረቤት ተኝቷል። ጠዋት አስነሳዋለሁ።

ጋሽ መምህር፦
ማጥፊያውን ሳትገጥም አታስነሳ!

ዲሲ በራሪ፦
ለማንኛውም ሁለተኛ ካንዴላ በኪስህ ያዝ።

የክንፍ ወዳጅ፦
ከተነሳልህ አንድ ነገር ልጨምር። በካርቡሬተሩ ክዳን ላይ መርፌ የምታህል የአየር ቀዳዳ አለች፣ በዲያፍራሙ (ቤንዚኑን በሚቆጣጠረው ስስ ሽፋን) በኩል። የፕሮፔለሩ ነፋስ በቀጥታ ከመታት ሞተሩ መሬት ላይ ደህና ሠርቶ አየር ላይ ይዛባል። በቆርቆሮ ቁራጭ ከልላት፣ ግን አትድፈናት። ዘይቱንም አትርሳ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት።