ለኦፕን ዲቪዥን የሚዘጋጅ ሽጉጥ፦ በ2,000 ዶላር ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ የኪቶው መምህር (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ መልእክተኛ ነኝ። እሱ ሂዩስተን ይኖራል፤ ቅዳሜና እሁድ በዩኤስፒኤስኤ (የአሜሪካው የተግባር ተኩስ ማኅበር) ደንብ በሚካሄዱ የሽጉጥ ውድድሮች ይሳተፋል። እኔ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ የምኖር የመካኒካል ምሕንድስና መምህር ነኝ። ብረት አውቃለሁ፤ ሽጉጥ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። በእኛ ቤት አንድ ጊዜ «መሐንዲስ» ከተባሉ በኋላ «አላውቅም» ብሎ ነገር የለም፤ ማቀዝቀዣ ቢበላሽ፣ ወፍጮ ቢቆም የምጠራው እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ሽጉጥ መጣ።

ወንድሜ ያለው ግሎክ 34 ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር፣ ከፋብሪካ እንደወጣ። እስካሁን ማሻሻያ እምብዛም በማይፈቀድበት በፕሮዳክሽን ዲቪዥን ሲወዳደር ቆይቷል። አሁን ወደ ኦፕን ልግባ ይላል። ለማታውቁት፣ ኦፕን ማለት በአፈሙዙ ላይ ኮምፔንሴተር (ጋዙን አዙሮ የመሣሪያውን መዝለል የሚቀንስ ቁራጭ)፣ ከላይ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ፣ ረጅም የጥይት ካዝና፣ ከዚህም ሌላ ብዙ ነገር የሚፈቀድበት ክፍል ነው። የላከልኝ ዝርዝር በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ኮምፔንሴተር፣ የካዝና ማስገቢያ ማስፊያ፣ ቀላል ሞላ፣ የምላጭ ሥራ፣ ረጅም ካዝና፣ መጨረሻ ላይ ቀይ ነጥብ። በጀቱ 2,000 ዶላር።

የምጠይቀው ይህን ነው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው? ኮምፔንሴተሩ ከሱቅ በሚገዛ ተራ ጥይት ይሠራል? ደግሞም ለገና ሲመጣ «ኮምፔንሴተሩን እዚያው በቶርኖ ትሠራልኛለህ፣ ገንዘብ እንቆጥባለን» ብሎኛል። ይህንንስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የአትላንታው

ወንድሜ መምህር፣ ዝርዝሩን ገልብጠው። ቀይ ነጥቡ መጀመሪያ፣ ኮምፔንሴተሩ መጨረሻ።

ምክንያቱ የውጤት አያያዙ ነው። በዚህ ስፖርት የጥይቱ ጉልበት በቁጥር ይለካል፤ ፓወር ፋክተር ይሉታል። የእርሳሱን (ከጥይቱ ተነጥሎ የሚበረውን አረር) ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በሰከንድ በጫማ ወስደህ ታባዛና ለ1,000 ታካፍላለህ። በዩኤስፒኤስኤ ኦፕን ዲቪዥን 165 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሜጀር ይባላል፤ ከ125 ጀምሮ ያለው ማይነር ነው። የዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ማኅበር፣ የአይፒኤስሲ፣ የኦፕን ሜጀር ገደብ 160 ነው። ወንድምህ ከሱቅ የሚገዛው ጥይት ባለ 124 ግሬን ሆኖ በ1,100 ጫማ ቢወጣ 136 ይሆናል። ማይነር ነው።

ታዲያ ምን ይሆናል? የዒላማው መካከል፣ ኤ የሚባለው ክልል፣ ለሁሉም 5 ነጥብ ይሰጣል። ሲ ላይ የመታ ግን በሜጀር 4፣ በማይነር 3 ያገኛል፤ ዲ ላይ ደግሞ 2 እና 1። 32 ጥይት የሚተኮስበትን ረጅም መድረክ እንውሰድ፤ 24ቱ ኤ፣ 8ቱ ሲ ቢሆኑ ባለ ሜጀሩ 152፣ ባለ ማይነሩ 144 ይዞ ይወጣል። የተገኘው ውጤት በፈጀው ሰከንድ ይካፈላል። ሁለቱም በ20 ሰከንድ ከጨረሱ 7.6 ለ7.2 ነው። ወንድምህ ያንን ለማካካስ ከ19 ሰከንድ በታች መግባት አለበት፤ ያውም በሙሉ የኦፕን መሣሪያ ከሚወዳደሩት ጋር።

ኮምፔንሴተር ባሰረ ደቂቃ የሚገባው ወደዚያ ጉድጓድ ነው። ቀይ ነጥብ ብቻ ስላይዱ (በተኩስ ጊዜ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል) ላይ ቢያደርግ ግን ኬሪ ኦፕቲክስ የሚባል ዲቪዥን አለ፤ እዚያ ሁሉም በማይነር ይቆጠራል፣ ካዝናውም እስከ 141.25 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። ቀይ ነጥቡን በዓይን እየተከተለ መተኮስን እዚያ ይልመድ። ከበጀቱ የሚተርፈውን ለጥይትና ለልምምድ ያውለው። ኦፕን ሲያምረው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ይግዛ፤ ዋጋው ከበድ ይላል፣ ግን ግሎኩን ቁርጥራጭ ገዝቶ ኦፕን ለማድረግ ከሚወጣው ጋር ሲታይ ያን ያህል አያስደነግጥም።

አንድ ነገር አስምርበት፦ ሜጀር ለመድረስ ብሎ በዚያ ግሎክ የተጠናከረ ጥይት እንዳይሞክር። በ9 ሚሊ ሜትር ሜጀር የሚደረሰው ከፋብሪካው የግፊት ገደብ በላይ በመውጣት ነው። የሚሠሩበት ሰዎች መሣሪያቸው፣ በርሜላቸውና የጥይት አሠራራቸው ለዚያ የተዘጋጀ ነው። ቀለህ ሲፈነዳ የሚጎዳው እጅና ፊት ነው።

መልስ፦ ዳላስ ያለሁት

የአትላንታው ወንድሜ ሁልጊዜ እንደ ሒሳብ ሹም ነው የሚያስበው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሰውየው ግን ለሻምፒዮናነት ነው ወይስ እሁድ ደስ ብሎት ሊውል ነው የሚወዳደረው? እኔ ማይነር ይዤ ኦፕን ውስጥ እተኩሳለሁ። ብዙ ኤ የሚመታ ሰው ከሜጀር ጋር ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል፤ ሁሉንም ኤ ቢመታ ልዩነቱ ዜሮ ነው። የአካባቢ ውድድር ላይ ማንም አይገላምጠውም። መሣሪያው ቀልጣፋ ሲሆን ሰው መለማመድም ይወዳል።

ቀይ ነጥቡ ይቅደም በሚለው ግን እስማማለሁ። እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

መልስ፦ የአጋሮ ፊዚክስ

ኮምፔንሴተሩ ከተራ ጥይት ጋር ይሠራል ወይ ለተባለው እኔ ልግባ፤ ሽጉጥ አላውቅም፣ ጋዝ ግን አውቃለሁ።

ወደ ኋላ የሚመታው ነገር ሁለት ምንጭ አለው፦ ወደ ፊት የሚሄደው እርሳስና ተከትሎት የሚወጣው የባሩድ ጋዝ። ኮምፔንሴተር በእርሳሱ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም፤ እርሳሱ አልፎ ሄዷል። የሚሠራው በጋዙ ላይ ነው። ጋዙ ከውስጥ ባሉት ግድግዳዎች ሲጋጭ መሣሪያውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በላይኛው ቀዳዳ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። ስለዚህ ጥያቄው «አፈሙዙ ጋ ሲደርስ ስንት ጋዝ በስንት ግፊት ቀርቷል?» ነው። ተራ የሱቅ ጥይት ባሩዱ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሥራም እርሳሱ ገና በርሜል ውስጥ ሳለ ያልቃል። የኦፕን ተኳሾች ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ በብዛት የሚጠቀሙት ለዚህ ነው፤ ፍጥነቱንም ያገኛሉ፣ ኮምፔንሴተሩም የሚበላው ጋዝ ያገኛል። በተራ ጥይት ጥቅም የለውም አልልም፤ ከፊት የተጨመረው ክብደት ብቻውን የአፈሙዙን መዝለል ይቀንሳል። ነገር ግን ሰውየው በቪዲዮ ያየው፣ ነጥቡ ከቦታው የማይነቃነቅበት መሣሪያ፣ በዚያ ጥይት አይገኝም።

የሜጀሩን ቁጥር ወደ እኛ መለኪያ ብንመልሰው፣ 124 ግሬን 8 ግራም ገደማ ነው፤ 1,350 ጫማ በሰከንድ ደግሞ 411 ሜትር። ፓወር ፋክተር ማለት እንግዲህ እኛ ክፍል ውስጥ ሞመንተም የምንለው ነው፤ 167 ብለው የሚጽፉት 3.3 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ምሳሌ ብሰጣቸው ትምህርቱን የሚወዱት ይመስለኛል፣ ርዕሰ መምህሩ ግን አይፈቅዱም።

መልስ፦ ጡረተኛው ሻምበል

ልጄ፣ እኔ በሠራዊቱ ውስጥ በመሣሪያ ጥገና ነው ያረጀሁት። የውድድር ሽጉጥ ሠርቼ አላውቅም፤ ሞላ ግን ሞላ ነው።

ዝርዝሩ ላይ «ቀላል ሞላ» የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ። ስላይዱን ወደ ፊት የሚመልሰው ሞላ ከመጠን በላይ ሲቀል ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ አካሉን ይደበድባል። ግሎክ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የመምቻው ሞላ ስላይዱን ወደ ኋላ የመሳብ ባሕርይ ስላለው፣ የመመለሻው ሞላ ከደከመ ስላይዱ ጥርቅም ብሎ ላይዘጋ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፦ ኮምፔንሴተር በርሜሉ ጫፍ ላይ ሲታሰር በርሜሉ ይከብዳል፤ የግሎክ በርሜል ደግሞ በእያንዳንዱ ተኩስ ጎንበስ ቀና የሚል ነው። ሲከብድ ይዘገያል፣ ቀለህ መወርወር ያቅተዋል። ስለዚህ ሞላ የሚመረጠው ኮምፔንሴተሩና ጥይቱ ከታወቁ በኋላ ነው። በፊት አይገዛም። አንድ ነገር ለውጦ፣ ተኩሶ አይቶ፣ ከዚያ ሌላውን መለወጥ። አምስቱን በአንድ ቀን ለውጦ «መሣሪያው ይነክሳል» የሚል ሰው የቱ እንደበላሸው መቼም አያውቅም።

ምላጩን በተመለከተ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራለት። እየፋቁ ማቅለል የሚሉት ነገር አለ፤ ይቅርበት። መሣሪያው ሳይፈለግ ከተኮሰ ከውድድሩ ያባርሩታል፤ ደግሞ መባረሩ ትንሹ ነገር ነው። የጆሮ መከላከያም አትርሱ፤ ኮምፔንሴተር ድምፁን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይበትነዋል፣ አጠገብ የቆመው ዳኛ ያውቀዋል።

መልስ፦ ጠበቃዋ (ሂርማታ)

መምህር፣ ስለ ቶርኖው ጥያቄዎ ሁሉም ዝም ስላሉ እኔ ልናገር። አይሥሩት።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትም፣ ማምረትም፣ መጠገንም የሚያስጠይቅ ነው። «ለስፖርት ነው»፣ «ለወንድሜ ነው»፣ «የምትተኮሰው ቴክሳስ ነው» የሚለው መከላከያ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ብዙ አያራምድም። ወንድምዎም በርሜል ወይም ሌላ የሽጉጥ ክፍል ለናሙና ብለው በሻንጣ ይዘው እንዳይነሱ ይንገሯቸው፤ የመሣሪያ ክፍል ከአሜሪካ ሲወጣም የኤክስፖርት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ሁለት አገር ላይ በአንድ ሻንጣ መከሰስ የሚያምር ነገር አይደለም። የሚሠሩበት ቶርኖ የተቋም ከሆነ ደግሞ ጣጣው ለሌላም ሰው ይተርፋል።

መልስ፦ የአትላንታው

የእመቤቴ ጠበቃ መልስ ይበቃ ነበር፤ መሐንዲስ ስለሆንክ ግን የብረቱን ምክንያት ልጨምርልህ። እርሳሱ ኮምፔንሴተሩ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከበርሜሉ ቀዳዳ ጋር ፍጹም በአንድ መሥመር መሆን አለበት። ኮምፔንሴተሩ የሚታሰርበት ጥርስ በትንሹ ቢንጋደድ እርሳሱ ግድግዳውን ይመታል፣ ኮምፔንሴተሩም ተነቅሎ ይሄዳል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው በልኩ ተሠርቶና ተፈትሾ የሚመጣ ነው፤ ከዝርዝሩ ሁሉ ውድ የሚባለውም እሱ አይደለም። ለማን ብላችሁ ነው የምትቆጥቡት?

መልስ፦ ሰላሌ ሜሪላንድ

ለታሪክ ወዳዶች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አይፒኤስሲ በፈረንጆቹ 1976 አሜሪካ ውስጥ በኮሎምቢያ ሚዙሪ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበሩ፤ ውድድሩ ሰው በዕለት ተዕለት በሚይዘው ሽጉጥ እንዲሆን ነበር ሐሳባቸው። ብዙ ሳይቆይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮብ ሌተምና ብራያን ኢኖስ 38 ሱፐር የሚባለውን ጥይት ከኮምፔንሴተር ጋር ይዘው ብቅ አሉ። ጥይቱ ራሱ ከ1929 ጀምሮ የነበረ አሮጌ ነው፤ ጋዙ ብዙ ስለሆነ ግን ለኮምፔንሴተር ተመቸ። የአጋሮው መምህር የነገሩን ማለት ነው። ዛሬም ኦፕን ውስጥ 38 ሱፐርና 9 ሚሊ ሜትር ጎን ለጎን አሉ፤ የ9 ሚሊ ሜትር ተመራጭነት ቀለሁ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ መሆኑ ነው።

ጠያቂው፦ የኪቶው መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ሻምበል፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቶርኖው ቀርቷል፤ ለእሱ ስነግረው ትንሽ አኩርፏል፣ ይለፈዋል። ሻንጣው ውስጥም የሽጉጥ ነገር እንዳይገባ አስጠንቅቄዋለሁ። ቀይ ነጥቡን አስቀድሞ በኬሪ ኦፕቲክስ ለመቆየትም ተስማምቷል፣ ዳላስ ያለው ወንድማችን የጻፈውን ካነበበ በኋላ ግን «አየህ፣ ማይነርም ይቻላል» እያለ ነው። አሁን የሚጠይቀኝ የነጥቡን መጠን ነው፤ 3 ኤምኦኤ ወይስ 6 ይሻላል?

መልስ፦ ዳላስ ያለሁት

6 ይውሰድ። ኤምኦኤ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ 1 ኤምኦኤ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በ25 ሜትር ባለ 6ቱ 4.4 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው፤ የዩኤስፒኤስኤ ዒላማ ኤ ክልል ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ምንም አይጋርድበትም። አብዛኛው ተኩስ ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀርባል። ትልቁን ነጥብ ዓይን በሩጫ ቶሎ ያገኘዋል። ብርሃኑን ግን ከፍ አድርጎ እንዳይተወው፤ ሲበዛ ነጥቡ ይፈካና ቅርጹ ይጠፋል፣ ፀሐይ ላይ የሚያስፈልገውና ጥላ ሥር የሚያስፈልገው አንድ አይደለም።

መልስ፦ የአትላንታው

እኔም 6 እላለሁ። ከመግዛቱ በፊት ግን ስላይዱ ለማነጣጠሪያ ተዘጋጅቶ የመጣ መሆኑን ይመልከት። ካልሆነ ስላይዱን የሚቆርጥለት ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ያ ሒሳብ ከ2,000ው ላይ አስቀድሞ ይቀነስ። የመሣሪያውን የኋላ ማነጣጠሪያ ማንሳት ካለበትም ሱቁን ይጠይቅ፤ ማያያዣ ሳህኑ ከነጥቡ ዓይነት ጋር የማይገጥም ሆኖ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል።