ጥቆማ፦ ያገለገለ ባለ 1000 ሲሲ ወይም ከዚያ በላይ ሞተር ሳይክል ከመግዛቴ በፊት አስተማማኝነቱን በምን ልወቅ?

ጠያቂው፦
ሰላም ወዳጆች። አምስት ዓመት 400 ሲሲ ነድቻለሁ። አሁን ከፍ ልበል ብዬ ሁለት ሞተሮች ዓይኔ ገብተዋል። አንዱ የ2015 ያማሃ አር ዋን፣ ሌላው የ2010 ሱዙኪ ሃያቡሳ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሁለቱም ያምራሉ፣ ፍጥነታቸውም አያሳስበኝም። እኔ የምፈልገው ረጅም መንገድ ላይ ጥሎኝ የማይቀር ነው። መካኒክ ይዤ ልሂድ? ዋስትና ከሚሰጥ ነጋዴ ልግዛ? ወይስ ራሴ አይቼ ልወስን? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

ባለ ሃያቡሳ፦
ሃያቡሳውን ውሰድ። በፈረንጆቹ 1999 ከወጣ ጀምሮ ራሱን ያስመሰከረ ሞተር ነው። በ2008 ከ1299 ወደ 1340 ሲሲ ሲያድግም ያው ጥንካሬው አልቀነሰም። የኔ 90 ሺህ ኪሎሜትር ሄዷል። ዘይት፣ ጎማና ካቴና ብቻ ነው የቀየርኩለት። አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

የሌሊት ተጓዥ፦
ወንድሜ፣ ከመቸኮልህ በፊት የኔን ስማ። የሞተሩን ስም አልጠራም፣ ትልቅ ፋብሪካ የሠራው ባለ 1000 ሲሲ ነው። ላየው ስሄድ ሻጩ አስነስቶ ጠበቀኝ። «እንዳትጉላላ ላሙቅልህ ብዬ ነው» አለኝ። እኔም አመስግኜ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ የፊት መብራቱ መፍዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ሄልሜቴ ላይ ጉም የያዘ መስሎኝ በጓንቴ ጠረግኩት። ከዚያ ዳሽቦርዱ ጠፍቶ በራ፣ ጠፍቶ በራ፣ በመጨረሻ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። 200 ኪሎ የሚሆን ብረት በጨለማ ዳር ዳሩን እየገፋሁ መኪኖች በጎኔ ሲያልፉ የተሰማኝን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባትሪ ቀየርኩ። አዲሱም በአሥር ቀን ሞተ። ኋላ ወንበሩ ተነስቶ ሲታይ የሬጉሌተሩ (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ሶኬት ቀልጦ ነጩ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል። ላዩ ላይ ጥቁር ቴፕ በሥርዓት ተጠቅልሎበታል። እያወቀ ነው የሸጠልኝ።

ጎማ ሁለት፦
በእግዚአብሔር! እኔም ላይ ደርሷል። እኔ ጋ ደግሞ ዲናሞው ራሱ ተቃጥሎ ነበር። ሊቲየም ባትሪ አስገባበት፣ ቀላል ነው።

ዝግታ፦
ሊቲየም ምን ያደርግለታል? ባትሪው እኮ አይደለም የተበላሸው፣ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ነው። ሬጉሌተሩ የበዛ ቮልት ከለቀቀ ደግሞ ሊቲየሙ ይብሳል።

ጎማ ሁለት፦
ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ጥንቁቁ፦
እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ከ400 ተነስቶ ወደ 1000 መዝለል ልክ ነው? መካከል ላይ 650 ብትነዳ አይሻልም? የአር ዋን ጉልበት ወደ 200 ፈረስ ነው። ፍሬን ላይ ያለህን ልምድ መጀመሪያ አስብበት።

ጠያቂው፦
ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። እሱን አስቤበት ጨርሻለሁ። ጥያቄዬ ስለ አስተማማኝነት ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
በስሜት ከምንወስን ቁጥር እንይ። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2015 ባለቤቶችን ጠይቆ ባወጣው ጥናት፣ አራት ዓመት የሞላቸው ሞተሮች ላይ ከባድ ጥገና የጠየቀ ብልሽት ያማሃ 11 በመቶ፣ ሱዙኪና ሆንዳ 12፣ ካዋሳኪ 15 ነበር። ዱካቲ 33፣ ቢኤምደብሊው 40 ደርሰዋል። በዚህ ከሄድን የጠያቂው ሁለቱም ምርጫዎች ደህና ናቸው።

የቢኤም ሰው፦
አልቀበለውም። የኔ ቢኤም 80 ሺህ ሄዷል፣ አንድ ጊዜም መንገድ ላይ አልቆመም። ሰው ሞተሩን ሳይንከባከብ ቀርቶ መጠይቅ ሲመጣለት ፋብሪካውን ይወቅሳል።

ቁጥር ወዳድ፦
ያንተ አንድ ሞተር ነው፣ ጥናቱ ግን የብዙ ሰው ነው።

የቢኤም ሰው፦
የምነዳው ደግሞ ያንን አንዱን ነው።

ታማኝ ደንበኛ፦
ይህን ሁሉ ምን አመጣው? ጥሩ ጋራዥ ይበቃል። እኔ ከምሄድበት ጋራዥ ውጭ ማንንም አላምንም። መካኒኩ ድምፁን ሰምቶ ብቻ ችግሩን ይነግርሃል። ኮምፕረሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ ምናምን አያስፈልገውም።

ቀጥታ፦
በጆሮ ብቻ? የቀለጠ ሶኬት ምን ዓይነት ድምፅ አለው? ወገን፣ ልጁ ሞተር እንዴት እንደሚመረመር ጠየቀ። እናንተ የየራሳችሁን ሞተርና ጋራዥ ታወድሳላችሁ።

ታማኝ ደንበኛ፦
አሥራ ሁለት ዓመት ደንበኛው ነኝ። አንተ አታውቀውም።

ቴስተር ያዥ፦
እሺ፣ ያገለገሉ ሞተሮች ሲገዙ ለጓደኞቼ ብዙ ጊዜ አይቼላቸዋለሁ፤ የማደርገውን ልንገርህ። ከመሄድህ በፊት ሻጩን እንዳያስነሳው ጠይቀው። ስትደርስ መጀመሪያ መዳፍህን የሞተሩ ጎን ላይ አድርግ። ከሞቀ የጠዋቱ አነሳስ አምልጦሃል፣ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነው ብዙ ነገር የሚናገረው፦ ካምቼይኑ (ቫልቮቹን የሚያሠራው የውስጥ ካቴና) የሚንኳኳው፣ ሰማያዊ ጭስ የሚታየው፣ የደከመ ባትሪ የሚያቃስተው።

የሌሊት ተጓዡ ያለው ነገር በጣም ትክክል ነው፣ በግማሽ ሰዓት የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ያናድዳል። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይዘህ ሂድ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። አስነስተህ በደቂቃ ወደ 5000 ዙር ስታደርሰው ከ13.5 እስከ 14.5 መካከል ይሁን። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል አሙቀውና እንደገና ለካ። ሲሞቅ የሚወርድ ከሆነ ሬጉሌተሩን ተጠራጠር። ወንበሩን አንስተህ ሶኬቶቹን በዓይንህ እይ፣ ቴፕ ካለ ይፈታ በል።

ሌላው፣ የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪውን በቀስታ ከዳር እስከ ዳር አዙረው። መሃል ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ቦታ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ላይ ወደ ውጭ ሳበው፤ ከጥርሱ ብዙ ከለቀቀ አልቋል። ጎማው ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኪሎሜትሩ ትንሽ ሆኖ የእግር ማስቀመጫው ጎማ ተልጦ ካየህ ጌጁን አትመን።

አር ዋኑን በተመለከተ፦ የ2015ቱን ያማሃ ራሱ ለማርሽ ሳጥን ጥገና መልሶ ጠርቶት ነበር፣ ችግሩ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው። 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የሻሲ ቁጥር ይዘህ የያማሃ ወኪል ጋ ጥገናው መደረጉን አረጋግጥ። ካልተደረገ ዋጋ ላይ አትከራከር፣ መጀመሪያ ይሠራ። ለሃያቡሳው ደግሞ የቫልቭ ክፍተት የተለካበትን ወረቀት ጠይቅ። ሱዙኪ በየ24 ሺህ ኪሎሜትሩ ይታይ ይላል።

መካኒክ ከወሰድክ ደግሞ ሻጩ የማያውቀው ይሁን። ይኸው ነው።

ባለ ሃያቡሳ፦
የኔ ቫልቭ ተለክቶ አያውቅም። ሰዓት መስሎ ይሠራል።

ቴስተር ያዥ፦
በ90 ሺህ? ወንድሜ፣ እባክህ አስለካው። ቫልቭ ሲጠብ እኮ ድምፁ ይበልጥ ጸጥ ነው የሚለው። ከልቤ ነው የምልህ።

ባለ ሃያቡሳ፦
ሃያቡሳ ነው እኮ።

ዝግታ፦
ስለ ነጋዴው ማንም አልመለሰለትም። ዋስትና ካለ ወረቀቱን አንብብ። እኔ ያየሁት ዋስትና ሞተሩንና ማርሽ ሳጥኑን ብቻ ነበር የሚሸፍነው። ኤሌክትሪኩ፣ ፍሪሲዮኑና አሞርዛተሩ አልነበሩበትም። መንገድ ላይ የሚያቆምህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ነው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ቴስተር ያዥን። ቴስተር ከጓደኛዬ ተውሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን አያለሁ። እንዳታስነሳው ስለው ሻጩ ትንሽ ዝም አለና «እሺ» አለኝ።

የሌሊት ተጓዥ፦
ያ ዝምታ አልተመቸኝም። ወንበሩን ሳታነሳ እንዳትከፍል።

ጎማ ሁለት፦
ካቴና ለመቀባት የቱ ቅባት ይሻላል? ዝናብ የማያጥበው የምታውቁ?

ታማኝ ደንበኛ፦
የኔ መካኒክ አንድ ጥሩ ያውቃል፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ።

ጥንቁቁ፦
ሁለት ሳምንት ሆነው። ጠያቂው፣ ገዛህ እንዴ?

የሌሊት ተጓዥ፦
ሶኬቱንስ አየኸው?