የነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድረ ገጽ ተረከብኩ፤ ላድሰው ወይስ አፍርሼ ልሥራው?

ጠጋኝ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ሆነን ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ትንሽ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንሠራለን። ኮዱን የሚጽፉት ሌሎቹ ናቸው። ድረ ገጹን ይዞት የነበረው ልጅ ሥራ በዝቶበት ሲለቅ ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ።

ያለበትን ሁኔታ ባጭሩ ልንገራችሁ። የተሠራው በዎርድፕሬስ (ገጾችን በፒኤችፒ ቋንቋና በዳታቤዝ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር) ነው። ፕለጊኖቹ (ተጨማሪ ተግባር የሚሰጡት ቅጥያዎች) ከታደሱ ቆይተዋል፣ አንዳንዶቹን የጻፋቸው ሰው ራሱ ትቷቸዋል። አዲስ ሪሊዝ (የሲስተሙ አዲስ እትም) ሲወጣ ገጾቹን አንድ በአንድ በእጅ ነው የምናስተካክለው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ላይ አሮጌው ቁጥር ይቀራል፣ ርዕሱ አዲሱን እያለ ሊንኩ የድሮውን የሚያወርድበት ጊዜም አለ። የአይኤስኦ ፋይሎቹም (ሰው አውርዶ ሲስተሙን የሚጭንባቸው) ቼክሰሞቹም (ከየፋይሉ ይዘት የሚሰሉ መለያ ቁጥሮች) ያሉት እዚያው የድረ ገጹ ሰርቨር ላይ ነው። የተተረጎሙ ገጾች አሉን፣ ዋናው ሲቀየር ግን እነሱ እንዳሉ ቀርተዋል። በዚህ ላይ ሰርቨሩ ሰሞኑን በሆነ ባልሆነው ይወድቃል። ሎጉን (የጎብኚዎችን መዝገብ) ከፍቼ ሳየው የሞላው ሰው ሳይሆን ቦት (ገጾችን በራሱ የሚያስስ ፕሮግራም) ነው።

ፒኤችፒ ትንሽ እችላለሁ፣ ጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ) እጠቀማለሁ፣ በጀት የሚባል ነገር የለም። ዎርድፕሬሱን አድሼ ልቀጥል ወይስ ሁሉንም አፍርሼ በሌላ ልሥራው?

አሮጌ ከርነል፦

ስለ ዎርድፕሬስ ከማውራታችን በፊት፣ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በማን ስም ነው የተመዘገበው? የሚከፍለውስ ማነው? ይህን ሳታውቅ አንድ ፋይል እንዳትነካ።

እየቀለድኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሴንትኦኤስ የተባለው የሊኑክስ ሲስተም አልሚዎች ከመሥራቾቹ ለአንዱ ግልጽ ደብዳቤ በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ እስከ መለጠፍ ደርሰው ነበር። ሰውየው ድምፁን አጥፍቷል፣ ዶሜይኑ ግን በእሱ እጅ ነው። ደግነቱ ወዲያው ተገናኝተው ተስማሙ። የእናንተው ልጅ ዛሬ ስልክ ያነሳል፤ ከዓመት በኋላ ላያነሳ ይችላል።

ስለዚህ ዶሜይኑ፣ ዲኤንኤሱ (ዶሜይኑን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ)፣ ሰርቨሩ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶቹ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚገባባቸው ይሁኑ። የዶሜይኑ አካውንት የተከፈተበት ኢሜይል ደግሞ በራሱ በዶሜይኑ ላይ ያለ አድራሻ እንዳይሆን ተጠንቀቅ፣ ምክንያቱም ዶሜይኑ ጊዜው አልፎ የተዘጋ ዕለት የፓስወርድ መቀየሪያው መልእክት የሚሄደው ወደዚያው ወደተዘጋው አድራሻ ነው። ቀጥሎ ባክአፕ፦ ዳታቤዙንም፣ የተጫኑትን ፋይሎችም። ሌላ ማሽን ላይ መልሰህ አስነሥተህ ካላየኸው ግን ባክአፕ አለኝ አትበል።

ሚዶ፦

አፍርሰው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ድረ ገጻችሁ ላይ አካውንት የሚከፍት ጎብኚ አለ? ከጻፍከው እንደገባኝ የለም። ለሁሉም የሚታየው ገጽ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ያንኑ ገጽ ለማሳየት በየጥያቄው ፒኤችፒና ዳታቤዝ ማስነሣት ለምን ያስፈልጋል? ጽሑፉን በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚጻፍ ተራ ጽሑፍ ነው) ጊት ውስጥ አስቀምጥ፣ ሁጎ ወይም እሱን የመሰለ መሣሪያ ወደ ኤችቲኤምኤል (ብራውዘር የሚያነበው የገጽ ፋይል) ይቀይረዋል፣ ሰርቨሩ የተዘጋጀ ፋይል ብቻ ያቀብላል። የሚሰበር ፕለጊን የለም፣ የሚጠለፍ የአስተዳዳሪ መግቢያ የለም።

ትልልቆቹም ወደዚሁ ነው የሄዱት። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ነፃ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ድረ ገጹንና ሰነዶቹን ወደ ሁጎና አስኪዶክተር (ሌላ የጽሑፍ መቀየሪያ) አዛውሯል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሲስተም ገጾቹን ለረጅም ዘመን በሲቪኤስ (ከጊት በፊት በነበረ የለውጥ መመዝገቢያ) ይዞ ቆይቶ በ2018 ወደ ጊት ገባ። ኦፕንቢኤስዲማ ገጾቹን በእጅ በተጻፈ ኤችቲኤምኤል ነው የሚያኖረው፤ ለዓይን ባይማርክም ምንም ሸክም ስለሌለው ቶሎ ይከፈታል።

የአሮጌ ቁጥር ችግርህም የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። የሪሊዙን መረጃ፣ ማለትም ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የፋይሉን ስምና መጠን፣ ቼክሰሙን፣ አንድ የዳታ ፋይል ውስጥ ብቻ ጻፈው። ሁሉም ገጽ፣ የተተረጎመውም ጭምር፣ ከዚያ ያንብብ። ሪሊዝ ሲወጣ አንድ ፋይል ትቀይራለህ፣ አለቀ። ገጹ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ሊንክ መኖሩን የሚፈትሽ ስክሪፕት ይሂድ፤ አንድ ሊንክ ከሞተ አዲሱ ገጽ አይወጣም።

ጠፍ መሬት፦

በሚዶ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን ሁጎም የራሱ ጣጣ አለው። ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፣ ከሰው የወሰድከው ቴም (የገጹ መልክ አብነት) በአዲሱ ቨርዥን አልሠራም ይልሃል። ቨርዥኑን ቆልፈህ ያዝ፣ ቴሙንም አጭር አድርገህ ራስህ ጻፈው። ለትንሽ ፕሮጀክት መቶ ፋይል ያለው ቴም ምን ያደርጋል?

ቁልፍ፦

ሁላችሁም ዋናውን ዘላችሁታል። አይኤስኦውና ቼክሰሙ አንድ ሰርቨር ላይ ናቸው ብሏል እኮ!

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሲስተም ላይ የደረሰውን አስታውሱ። ጠላፊዎች በዎርድፕሬሱ በኩል ገቡ፣ የዳውንሎድ ሊንኩን ቀይረው ጎብኚውን ወደ ሌላ ሰርቨር ላኩት፣ እዚያ የጠበቀው የጀርባ በር (ለጠላፊ የሚከፈት ስውር መግቢያ) የተገጠመለት የሚንት 17.3 ሲናሞን እትም ነበር። ሲስተሙን ለማጥቃት ኮዱን መንካት አላስፈለጋቸውም። ድረ ገጹን መንካት በቃቸው።

ቼክሰም የሚጠቅመው ፋይሉ ሲወርድ እንዳልተበላሸ ለማወቅ ነው። ሰርቨሩን የያዘ ሰው ግን አይኤስኦውን ሲቀይር ቼክሰሙንም አብሮ ይቀይረዋል። ሌባውን ዘበኛ አድርጎ መቅጠር ማለት ነው። መፍትሔው ፊርማ ነው። የኤስኤችኤ 256 ቼክሰሞቹ ያሉበትን ፋይል በጂፒጂ (ዲጂታል ፊርማ በሚያደርግ ፕሮግራም) ፈርሙት። የመፈረሚያው ሚስጥራዊ ቁልፍ ድረ ገጹ ሰርቨር ላይ በፍጹም አይቀመጥ። ሪሊዙን የሚያዘጋጀው ሰው ጋ፣ ከተቻለም ከኢንተርኔት የተነጠለ ማሽን ላይ ይሁን። የቁልፉን ፊንገርፕሪንት (አጭር መለያውን) ከድረ ገጹ ውጭም አስቀምጡት፣ ለምሳሌ የኮድ ማከማቻው ላይና ቀድሞ በወጣው ሪሊዝ ውስጥ፣ የሚጠረጥር ሰው የሚያመሳክርበት ይኑረው። ኤምዲ5 የተባለውን የድሮ የቼክሰም ዓይነት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አውጡት፤ አንድ ዓይነት ኤምዲ5 ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች መሥራት እንደሚቻል ከ2004 ጀምሮ የታወቀ ነው።

ፊርማውን ማን ያረጋግጣል የሚል ይኖራል። አብዛኛው ሰው አያረጋግጥም፣ እውነት ነው። ጥቂቶቹ ግን ካረጋገጡ ጩኸቱ ቶሎ ይሰማል።

ጠጋኝ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ከርነል፣ እንዳሉት ጠየቅኩ፤ ዶሜይኑ በልጁ የግል ስም ነው ያለው፣ ለማዛወር ፈቃደኛ ነው። ቁልፍ እህቴ፣ የፊርማውን ነገር ለሪሊዝ አዘጋጁ አስተላልፌያለሁ።

የቀሩኝ ነገሮች አሉ። አይኤስኦዎቹን ከሰርቨሩ ላንሣ ብል የት አደርጋቸዋለሁ? ተርጓሚዎቻችን ጊት አያውቁም፣ ማርክዳውን ስላቸው ይሸሹኛል። ቦቶቹስ?

አሮጌ ከርነል፦

አይኤስኦዎቹን ለሚረር (የፋይሎችን ቅጂ ይዞ ለሚያሰራጭ የሌላ ሰው ሰርቨር) ስጥ። ነፃ ሶፍትዌር የሚያስተናግዱ ዩኒቨርሲቲዎችና የኢንተርኔት አቅራቢዎች አሉ፤ አንተ አንድ ዋና ቅጂ ታስቀምጣለህ፣ እነሱ በአርሲንክ (ፋይል መገልበጫ ፕሮግራም) ይወስዳሉ። ቁልፍ ያለችው ፊርማ እዚህም ይጠቅምሃል፤ የተፈረመ ፋይል ከሆነ ሚረሩን የያዘውን ሰው በጭፍን ማመን አይጠበቅብህም። ቶረንትም (አውራጆቹ ፋይሉን እርስ በርስ የሚቀባበሉበት መንገድ) ጨምርበት፣ ሪሊዝ በወጣ ሰሞን ሸክሙን ይካፈልሃል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። መጀመሪያ ፋይሉ ዋናው ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ ሚረሮቹ እስኪወስዱት ጠብቅ፣ የዳታ ፋይሉን የምትቀይረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ የወጣን አይኤስኦ ደግሞ በዚያው ስም በሌላ ፋይል አትተካ። ስህተት ቢገኝበት እንኳ ቁጥሩን ጨምረህ አዲስ አውጣ፣ አለዚያ ግማሹ ሚረር አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይዞ ቼክሰሙ አልገጠመም የሚል ሰው ያጥለቀልቅሃል።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ጂፒኤል (የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ነው) ያላቸውን ፓኬጆች ስታሰራጩ ምንጭ ኮዳቸውንም የማቅረብ ግዴታ አለባችሁ። የተነሣችሁበት ዲስትሮ (የሊኑክስ ሲስተም) ጋ አለ ብላችሁ አትዘናጉ። እነሱ አሮጌውን ቨርዥን ከማከማቻቸው ያነሡት ቀን የእናንተ አይኤስኦ ምንጭ አልባ ሆኖ ይቀራል። ምንጩን ከአይኤስኦው አጠገብ አስቀምጡ።

ተርጓሚዋ፦

ስለ ትርጉም እኔ ልመልስ፤ በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። ተርጓሚ ከጊት ጋር አታጋፍጠው። ዌብሌት የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ተርጓሚው በብራውዘሩ ገብቶ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይሠራል፣ ኮሚቱን (ለውጡን ጊት ውስጥ መመዝገቡን) ዌብሌት ራሱ ያደርግለታል።

ያረጀውን ለመለየት የዴቢያንን ዘዴ ውሰድ። እያንዳንዱ የተተረጎመ ፋይል ከየትኛው የዋናው ጽሑፍ ኮሚት እንደተተረጎመ ራሱ ላይ ይጻፍበታል። ዋናው ሲቀየር ስክሪፕቱ ያነጻጽርና የትኛው ወደ ኋላ እንደቀረ ይነግርሃል፣ ከገጹ አናት ላይም «ይህ ትርጉም አርጅቷል» የሚል ማስታወቂያ ማውጣት ትችላለህ።

ሁሉም ገጽ ግን እኩል አይደለም። ስለ ፕሮጀክቱ ታሪክ የሚያወራው ገጽ ሁለት ዓመት ቢያረጅ ማንም አይጎዳም። የአጫጫን መመሪያው ካረጀ ግን ሰው ዲስኩን ሊያጠፋ ይችላል። መመሪያው ወደ ኋላ ከቀረ ከነጭራሹ አውርደውና አንባቢውን ወደ ዋናው ምራው። ተርጓሚው ቅር ይለዋል፣ ንገረው፣ ይገባዋል። ገና ለገና ቋንቋ በዛልን ለማለት የሞተ ገጽ ማቆየት ለማንም አይበጅም።

ቋንቋ መምረጫው ላይ ደግሞ ባንዲራ አታድርግ፣ የቋንቋውን ስም በራሱ ፊደል ጻፍ። በብራውዘሩ ምርጫ ብቻም አትወስንለት፤ የሰው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ የማያነበው ቋንቋ የሚመጣበት ብዙ ነው።

ጠፍ መሬት፦

ቦቶቹን በተመለከተ፣ ወደ ቋሚ ፋይል ስትዛወር ግማሹ ችግር ራሱ ይቀላል። ኤችቲኤምኤል ፋይል ማቀበል ለኤንጂንኤክስ (ገጽ የሚያቀብል የሰርቨር ፕሮግራም) ምኑም አይደለም። የሚገድሉህ በየጥያቄው የሚሰሉት ገጾች ናቸው፦ ፍለጋ፣ የዊኪ የድሮ ቅጂዎች ንጽጽር፣ በድር የሚታየው የጊት ታሪክ። ከሰው ልጅ ማንም የማይከፍታቸውን የአሥር ዓመት ኮሚቶች ቦት አንድ በአንድ ያስሳቸዋል። ሮቦትስ ፋይል (ቦቶች የት እንዳይገቡ የሚነግር) ጻፍ፣ ግን እሱ ልመና ነው፣ የማይሰማ አይሰማም። ከዚያ ካለፈ አኑቢስን ሞክር፤ ብራውዘሩን ትንሽ ስሌት አሠርቶ የሚያስገባ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮጀክት ጊትላቡ (የኮድ ማከማቻው) ላይ ተክሎታል።

ዳውንሎድ ገጹና የፓኬጅ ማከማቻው ላይ ግን አትትከለው። ጃቫስክሪፕት ያጠፋ ሰው በር ላይ ሊቀር ይችላል፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የኛ ዓይነት ሲስተም ተጠቃሚዎች ውስጥ ሞልቷል።

ሚዶ፦

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ሁለቱም ከዛወርክ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የድሮ አድራሻዎችህ እንዳይሞቱ። የሌሎች ዊኪዎችና መመሪያዎች ወደ እናንተ ገጽ ይጠቁማሉ። በ301 («ገጹ ለዘለቄታው ተዛውሯል» በሚለው የሰርቨር ምላሽ) ወደ አዲሱ አዛውራቸው። የዎርድፕሬሶቹ አድራሻዎች ከጥያቄ ምልክት በኋላ ቁጥር ያለባቸው ዓይነት ከሆኑ፣ የኤንጂንኤክስ ሎኬሽን የሚባለው ትእዛዝ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን አያይም፣ ስለዚህ ማፕ በሚባለው ትእዛዝ ነው የምትሠራው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲዳክር ይውላል። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ሎጉ ላይ 404 (ገጹ አልተገኘም) የሚመጡትን እያየህ የጎደለውን ሙላ።

የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፍኬትስ? ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ነፃ ሰጪ ከሆነ የ90 ቀን ነው፣ ሊያልቅ ሲል ይልክ የነበረውን የማስጠንቀቂያ ኢሜይልም ከጁን 2025 ጀምሮ አቁሟል። ሰርትቦት (ሰርተፍኬት አዳሹ ፕሮግራም) ራሱ ያድሰዋል ብለህ ብቻ አትተኛ፤ ሰርተፍኬቱ ታድሶ ዌብ ሰርቨሩ ሪሎድ ስላልተደረገ አሮጌውን ሲያቀብል የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከእድሳቱ በኋላ ሪሎድ የሚያደርግ ትእዛዝ አያይዝበት፣ ከውጭ ሆኖ ቀኑን የሚያይ ትንሽ ስክሪፕትም ከሌላ ማሽን ላይ ይሂድ።

ጠጋኝ፦

ተባረኩ። ዶሜይኑን በማዛወር እጀምራለሁ፣ ከዚያ ፊርማውና ሚረሩ፣ ሁጎው ከቀጣዩ ሪሊዝ በፊት ይደርሳል ብዬ አስባለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ አዲሱ ሲወጣ ዎርድፕሬሱን ለተወሰነ ጊዜ በሌላ ሰብዶሜይን (በዶሜይኑ ሥር ባለ ንዑስ አድራሻ) ላቆየው? የረሳሁት ገጽ ቢኖር ብዬ ነው።

ቁልፍ፦

እንዳታደርገው። ማንም የማያድሰው ዎርድፕሬስ በማንም በማይታይ ሰብዶሜይን ላይ፣ ያውም በፕሮጀክቱ ስም! ገጾቹን በሙሉ ወደ ኤችቲኤምኤል አውርደህ ራስህ ጋ አስቀምጥ፣ የዳታቤዙንም ቅጂ ያዝ፣ ከዚያ ከሰርቨሩ ላይ አጥፋው። የዲኤንኤሱንም መዝገብ አብረህ ሰርዘው።