እሾህና ስብርባሪ የሚቋቋም የብስክሌት ጎማ፦ ሐዋሳ ውስጥ ለሥራ ምልልስ የትኛው ይሻላል?

አላሙራ ሥር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አላሙራ ተራራ ግርጌ ሲሆን የምሠራው ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ነው፤ በብስክሌት ደርሶ መልስ በቀን 12 ኪሎ ሜትር ያህል እጓዛለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ማዘዣ ይዞ ደጃፍ ላይ የሚጠብቅ ሰው ስለማይጠፋ ማርፈድ አልችልም። ይሁንና ከሐምሌ መግቢያ ወዲህ የኋላው ጎማ አምስት ጊዜ ተንፍሶብኛል፤ ሁለቱን ጊዜ ብስክሌቱን ባጃጅ ላይ አስጭኜ፣ ሦስቱን ጊዜ ዝናብ እየወረደብኝ እየገፋሁት ሥራ ገብቻለሁ።

ብስክሌቱ ባለ 26 ኢንች የቻይና የተራራ ብስክሌት ነው። አብሮት የመጣው ጎማ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ሲሆን መሐሉ ተበልቶ አልቋል ማለት ይቻላል። ከሰፈር እስክወጣ ኮረኮንችና ኮብልስቶን አለ፤ የቀረው አስፋልት ነው። ችግሩ ከየአጥሩ ሥር የሚረግፈው የግራር እሾህ ይመስለኛል።

አንድ ነጋዴ ንፋስ የማይሞላ ድፍን ጎማ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በውስጡ የሚጨመር ፈሳሽ አለ ትለኛለች። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ ጥሩ ጎማ ማስመጣትም እችላለሁ። ገንዘቤን የቱ ላይ ባውለው ትመክሩኛላችሁ?

ጎሚስታው

እህቴ፣ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት የውስጡን ጎማ አስወጥተው ልጣፎቹ የት የት እንዳረፉ ይመልከቱ። ቀዳዳው በመንገዱ በኩል ከሆነ የወጋዎት እሾህ፣ ጠርሙስ ወይም ሽቦ ነው። በቸርኬው በኩል ከሆነ ግን የቱንም ያህል ውድ ጎማ ቢገጥሙ አያድንዎትም፤ ጥፋቱ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ መንሸራተቱ ወይም መቀደዱ ነው። ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ካገኙ ደግሞ የንፋስ ማነስ ነው፦ ጎማው ሳይወጠር የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታ የውስጡ ጎማ በድንጋዩና በቸርኬው መሐል ተቀርቅሮ በሁለት ቦታ ይቆረጣል።

አምስት ጊዜ በአንድ ጎማ መሆኑ ግን ሌላ ጥርጣሬ ያሳድርብኛል። የኋላው ጎማ አብዛኛውን ክብደት ስለሚሸከም ከፊተኛው ይልቅ መበሳቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የወጋው ነገር ሳይነቀል እላዩ ላይ እየተለጠፈ ይሆናል። ለጣፊው የውጩን ጎማ ውስጡን ዳስሶ ካልሰጠዎት፣ እውነቱን ለመናገር ሥራውን ግማሽ አድርጎ ነው የሰጠዎት። በሞያሌ መንገድ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ጎማቸው ውስጥ ቀጫጭን የብረት ሽቦ አለ፤ ጎማው ሲፈነዳና ሲበጣጠስ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቁራጭ አስፋልት ላይ ይቀራል። እሱ የብስክሌት ጎማ ውስጥ ከገባ ከውጭ አይታይም፤ በባዶ ጣት ቢፈልጉትም ይወጋል እንጂ አይያዝም። ስለዚህ ጥጥ ጠቅልለው ጎማውን በውስጥ በኩል ዙሪያውን ይጥረጉት፤ የጥጡ ክር ተይዞ የሚቀርበት ቦታ ላይ አለ። ጎማ ሲገጥሙም ንፋስ መሙያውን ቫልቭ ከጎማው ጽሑፍ ትይዩ ማድረግ ይልመዱ፤ ቀጣይ ጊዜ ቀዳዳውን ሲያገኙ ወጊው የውጩ ጎማ ላይ የት እንዳለ ለክተው ይደርሱበታል።

ክረምት ላይ መባሱም ምክንያት አለው። እርጥብ ጎማ ከደረቅ ይልቅ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ውሃው በጎማውና በስብርባሪው መሐል እንደ ቅባት ነው የሚያገለግለው። ጎርፉ ደግሞ ስብርባሪውን ከመንገዱ መሐል ጠርጎ ብስክሌተኛ በሚሄድበት ጠርዝ ያከማቸዋል። ከጠርዙ አንድ ክንድ ገባ ብለው ቢነዱ ይሻላል፤ ባጃጆቹ ከፈቀዱልዎት ማለቴ ነው።

ባለ 622

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ጎማው ልጨምር። ፈጽሞ የማይበሳ ባለ ንፋስ ጎማ የለም። ያለው የሚቋቋም ጎማ ሲሆን፣ የሚቋቋምበት መንገድ ደግሞ ሁለት ዓይነት ስለሆነ እርስዎ መንገድ ላይ ካለው ጠላት ጋር ማገናዘብ ያስፈልጋል። አንደኛው ዓይነት ከጥርሱ ሥር እንደ ኬቭላር ካለ ጠንካራ ክር የተሠራ ስስ ሽፋን አለው። ይህ ቀላል ነው፣ ጠርሙስ እንዳይቆርጠውም በደንብ ይከላከላል፤ ነገር ግን የግራር እሾህ እንደ መርፌ ስለሆነ በክሮቹ መሐል ተሽሎክልኮ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ወፍራም የላስቲክ ንጣፍ ያለው ነው። እዚህ ላይ እሾሁ ይገባል፣ ግን ርዝመቱ ስለማይበቃው ከውስጡ ጎማ ሳይደርስ ይቀራል። የጀርመኑ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ የሚባለው ጎማ የዚህ ዓይነት ሲሆን ንጣፉ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከርስዎ ሁኔታ አንጻር የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው።

እኔ ለፊትም ለኋላም ያስመጣሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ተበስቷል፤ እሱም በምስማር ነው። ጉዳቱን ግን ልንገርዎ፦ ጎማው ይከብዳል፣ ሲነሱ እግር ላይ ይታወቃል፤ ከቸርኬ ለማውለቅም ሆነ ለመግጠም ደግሞ ላብ ያስወጣል። መጀመሪያ ቀን ሁለት የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ሰብሬያለሁ። ጎማውን ፀሐይ ላይ ጥቂት ቢያቆዩት ይለሰልሳል።

የጥርሱ ነገርም አለ። ትልልቅና የተራራቀ ጥርስ ለጭቃና ለተራራ ነው፤ አስፋልት ላይ ያጓራል፣ ጉልበት ይበላል፣ በጥርሶቹ መሐል ያለው ላስቲክም ስስ ስለሆነ እሾህ የሚገባው በዚያ ነው። ለርስዎ መንገድ መሐሉ ድፍን፣ ጎንና ጎኑ ብቻ ስንጥቅ ስንጥቅ ያለበት ይበቃል።

ለዘመድዎ «26 ኢንች» ብለው ብቻ እንዳይልኩ። በ26 ስም የሚሸጡ እርስ በርሳቸው የማይገጣጠሙ ጎማዎች አሉ። የጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፤ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፍራ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር ናቸው። የተራራ ብስክሌት 26 ኢንች 559 ነው፤ 26 በ1 3/8 ተብሎ በክፍልፋይ የሚጻፈው ግን 590 ነው። የኔው 622 ሲሆን፣ በድሮዎቹ ባለ ዘንግ ፍሬን ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው 28 በ1 1/2 ደግሞ 635 ነው፤ ይህን ሳላውቅ አንድ ጎማ በከንቱ ገዝቼ አሁንም ዕቃ ቤት ተሰቅሎ አለ።

የታቦር ጎረቤት

እኔ ከውጭ የሚያመጣልኝ ዘመድ ስለሌለኝ በርካሹ መንገድ የተገላገልኩ ሰው ነኝ። ያለቀ ቀጭን ጎማ ወስጄ ሽቦ ያለበትን ሁለቱን ጠርዝና ጎኑን ቆርጬ ጣልኩ፤ የቀረውን መሐሉን እንደ ቀበቶ አድርጌ በውጩና በውስጡ ጎማ መሐል አስገባሁት። ጫፎቹን በአሸዋ ወረቀት ማሳሳት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ እሾህ ያላገኘውን የውስጥ ጎማ ቀበቶው ራሱ እየፈተገ ይበሳዋል። በእኔም የመጀመሪያው ሙከራ የደረሰው ይኸው ነበር። ሁለተኛው ግን ይኸውና ዓመት ሊሞላው ነው።

ድፍኑን ጎማ አደራ አይግዙት። ወንድሜ ገጥሞት ኮብልስቶኑ ላይ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ነድቶ፣ በአራተኛው ወር ከኋላው ቸርኬ ሽቦዎች ሦስቱ ተበጠሱ። ድንጋዩ የሚያቀብለውን ምት የሚውጠው ንፋሱ እኮ ነው። ፈሳሹ ግን መጥፎ አይደለም፤ የእሾህ ቀዳዳ ወዲያውኑ ይደፍናል።

ጎሚስታው

ፈሳሹ ትንንሽ ቀዳዳ እንደሚደፍን አልክድም። ሆኖም በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ነው። ትልቅ ቀዳዳ ሲመጣ አይችለውም፤ በዚያን ጊዜ ላስቲኩ ስለሚርስ ማስቲሹ አይዝም፣ እኔም ጠዋት ሙሉ እየጠረግኩ እውላለሁ። ለሥራ ሰዓት ለሚጨነቅ ሰው ከሁሉ የሚቀለው አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማና ትንሽ መንፊያ ይዞ መሄድ ነው። መለወጥ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ የተበሳው ማታ ተረጋግቶ ይለጠፋል።

ስለ ንፋስም ልብ ይበሉ። የውስጥ ጎማ ሳይበሳም ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በየሳምንቱ ይለኩት። መጠኑ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። በአውራ ጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት አያዋጣም።

አላሙራ ሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ እቤት ውስጥ ጎማውን አውልቄ በጥጥ ጠረግሁት። ከቫልቩ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ጥጡ ተያዘ፤ በቅንድብ መንቀያ ወረንጦ ስስበው የወጣው እሾህ ሳይሆን ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ጥቁር ሽቦ ነው። ከአምስቱ ልጣፎች ሦስቱ እርስ በርሳቸው ተደራርበው እዚያው ትይዩ ላይ ናቸው። አራተኛው ሌላ ቦታ ስለሆነ እሱ የእሾህ ሳይሆን አይቀርም። አምስተኛው ግን ከቸርኬው ጎን ሁለቱን ስንጥቆች ይዞ ተገኘ፤ የጎማው ጎን ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) እያለ የፊተኛውን ሳስለካው 22 ነበር፤ አፈርኩ።

ቁጥሩ 50-559 ነው። ዘመዴ ለጊዜው ለኋላ ብቻ ወፍራም ንጣፍ ያለውን 47-559 እንዲያመጣልኝ ጽፌለታለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ የታቦሩን ጎረቤት ቀበቶ፣ ጫፉን አሳስቼ እሞክራለሁ። ሽቦውን ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ እላዩ ላይ የለጠፈልኝ ሰው ነገ በሱቄ ሲያልፍ አሳየዋለሁ።