ልቀቱ ቀነሰ ወይስ ጎረቤት ተዛወረ?

አወያይ፦ አንድ ከተማ ወይም ክፍለ ግዛት የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቴን ቀነስኩ ሲል በወሰኑ ውስጥ ብቻ እንመዝነው? ወይስ ጎረቤቱ ላይ የጫነውንም እንቁጠርበት? መምህር፣ እርስዎ ይጀምሩልን።

መምህር፦ በወሰኑ ይመዘን ባይ ነኝ። የጃፓኑ ዮይቺ ካያ ቀመር ልቀትን የአራት ነገሮች ብዜት ያደርገዋል፦ የሕዝብ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ምርት፣ ምርቱ የሚፈጀው ኃይል፣ ኃይሉ የሚያወጣው ካርቦን። ሕዝብህንና ገቢህን ቀንስ ብሎ የሚያዝ የለም። የቀሩት ሁለቱ ግን ብዙውን ጊዜ በአስተዳዳሪው እጅ ናቸው። ሰው የሚጠየቀው በእጁ ባለው ነው።

ተንታኙ፦ መምህር፣ ቀመሩ ልክ ነው። ግን ውስጡ ጎረቤት የሚባል ነገር የለም። ቤጂንግን እንይ። ሾጋንግ የተባለው ግዙፍ ብረት ፋብሪካ ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ክፍለ ግዛት ሄቤይ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የመጨረሻው ትልቅ የከሰል ኃይል ማመንጫ ተዘጋ። የከተማዋን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ይደነቃል። ቤጂንግ ግን ብረት መጠቀም አላቆመችም። ከኤሌክትሪኳም ብዙው የሚመጣው እንደ ውስጣዊ ሞንጎሊያና ሻንሺ ካሉ ከሰል ከሚነድባቸው የቻይና አካባቢዎች ነው። ያ ካርቦን የማን ነው?

መምህር፦ የከተማው ሰው ንጹሕ አየር መተንፈሱንስ ከምንም አትቆጥረውም?

መሐንዲሷ፦ እዚህ ላይ ልግባ፤ ሁለት ነገር እየተቀላቀለብን ነው። ጥቀርሻና የድኝ ጭስ በአካባቢው ይቆያል፣ ነፋስ ሲነፍስም ጎረቤት ይደርሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከየትም ይውጣ፣ ከመላው ዓለም አየር ጋር ይቀላቀላል። ከሰሉ ሄቤይ ነደደ ቤጂንግ፣ ለምድር ሙቀት ያው ነው። ምድጃውን ከከተማ ማራቅ የከተማውን ሰው ሳንባ ያድናል። የአየር ንብረቱን አያድንም። ጎረቤታሞችን በካርቦን የሚያገናኛቸው የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የጭነት መኪናውና ገበያው ነው።

ተማሪ፦ ግንኙነቱ ሁሌ መጥፎ ነው እንዴ? ዴንማርክ ነፋስ ሲበዛላት ትርፍ ኤሌክትሪኳን ለኖርዌይ ትልካለች። ኖርዌይ ያን ጊዜ የግድቧን ውሃ ትቆጥባለች። ነፋሱ ሲቆም ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከኖርዌይ ይመጣል።

መሐንዲሷ፦ ጥሩ አነሳሽው እህቴ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሥራ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። የጎረቤት ግድብ ባይኖር ያን ያህል የነፋስ ኃይል መትከል በጣም ይከብድ ነበር።

ተንታኙ፦ ታዲያ ወሰን ተሻግሮ መቁጠር ይቻላል ማለት ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 የካርቦን ገበያዋን፣ ማለትም ድርጅቶች የልቀት ፈቃድ የሚገበያዩበትን ሥርዓት፣ ስትጀምር ከጎረቤት ግዛቶች የምትገዛውን ኤሌክትሪክ ልቀትም አስገብታለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ አልሙኒየምና ማዳበሪያ ላይ የካርቦን ክፍያ ጥሏል።

መምህር፦ እሱማ ልክ ነህ። ግን ካሊፎርኒያ ንጹሑን ኤሌክትሪክ ለይታ ስትገዛ፣ ሻጩ የከሰሉን ለሌላ ደንበኛ ሊሸጠው ይችላል። ወረቀቱ ላይ ቀነሰ፣ ጭሱ ግን እዚያው አለ። ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። ጥፋቱን ሁሉ ገዢው ላይ ከጣልነው፣ የምድጃው ባለቤት ምድጃውን ለመቀየር ምን ያስገድደዋል?

ተንታኙ፦ ሁለቱም መዝገብ ጎን ለጎን ይውጣ። የአመራቹም፣ የተጠቃሚውም።

መምህር፦ ማን እንደሚከፍል ካልተወሰነ ሁለተኛው መዝገብ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ተማሪ፦ ተጠቃሚው ከተማ ለጎረቤቱ ምድጃ መቀየሪያ ቢከፍልና ከቅነሳው ድርሻ ቢጻፍለትስ?

መምህር፦ እሱን እቀበላለሁ። ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። አንዱ ቶን ሁለት ቦታ እንዳይቆጠር የሚያረጋግጥ ገለልተኛ አካል ይኑር። እሱ ከሌለ በወሰኑ ይመዘን ባልኩት እጸናለሁ።